በሙላት ቀን ልጅ አይማርም

በአፉአ ከተማ ብስክሌት የማይነዳ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ያልተወለደና የሞተ። መኪናም ሞተር ብስክሌትም በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቢፈቀድም የሚነዳበት መሬት የለም። ከተማችን ከዳር እስከ ዳር በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመች ናት። መንገዱ ጣውላ ነው፣ ከጣውላው ሥር ጭቃ ነው፣ ጭቃው ላይ ደግሞ ትልቁ ወንዝ እንደ ባሕር በቀን ሁለቴ፣ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ጥሎ ይሄዳል። ቄሱ በብስክሌት ነው የሚሄዱት፣ አዋላጇም በብስክሌት ነው የምትመጣው። ስለዚህ የኦስማሪና የወንድም ልጅ ጁሲአራ፣ አሥር ዓመት የሞላት ልጅ፣ ከላይኛው ወንዝ መጥታ "እኔ አልነዳም" ስትል ሰዉ ጆሮውን ማመን አቃተው።

"ወንዝ ላይ ያደገች ናት፣ ጭንቅላቷ ውሃ ገብቶበታል" አሉ አንዳንዶቹ። "ተዋት፣ ስታድግ ትለምዳለች" አሉ ሌሎቹ። ኦስማሪና ሁለቱንም ወገን ሰደበች።

ኦስማሪና የብስክሌት ታክሲ ነጂ ናት። ሁለት ብስክሌት ጎን ለጎን አስበይዳ፣ ከላይ የሸራ ጣሪያ አልብሳ፣ ከወደቡ ሰውም ከወንዙ የተጠመደ ሽሪምፕ የሞላበት ቅርጫትም ስታመላልስ ሃያ ዓመት አልፏታል። ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ነው፤ እግሯ ብረት፣ አፏ ምላጭ። ልጅ የላትም። ባል ነበራት፤ እሱንም ራሷ ናት ታክሲዋ ላይ አሳፍራ ወደብ ድረስ የሸኘችው፣ ያውም ሒሳብ ተቀብላ።

ታናሽ ወንድሟ ቫልዴሲር ልጅቷን ያመጣት ለትምህርት ነበር። እነሱ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት አንዲት ክፍል ናት፣ አስተማሪዋም አንዲት፤ ትምህርቱ እስከ አራተኛ ብቻ ነው፣ ጁሲአራም ጨርሳዋለች።

"እትዬ፣ እስቲ አንድ ወር ትሞክረው" አለ ቫልዴሲር፣ ጀልባው ውስጥ እንደቆመ። "ከተማው ከተስማማት ትቆይ። ካልተስማማት በመጋቢት ትልቁ ሙላት እመጣለሁ፣ እወስዳታለሁ። እናቷ ሽሪምፕ የሚልጥላት ሰው ትፈልጋለች።"

ኦስማሪና ይህ ንግግር ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። እሷም ለትምህርት መጥታ ነበር፤ በአሥራ አንድ ዓመቷ አባቷ ከዚሁ ወደብ በጀልባ መልሶ ወስዷታል፤ "ለትንሽ ጊዜ፣ እናትሽን አግዢ" ብሎ። ትንሽ ጊዜው ዘጠኝ ዓመት ሆነ። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ዳሯት፣ በሃያ ዓመቷ ማንንም ሳታስፈቅድ ተመልሳ መጣች። ያመለጣትን ደብተር ግን ማንም አልመለሰላትም። ይህን ባሰበች ቁጥር ንዴቱ ዛሬም አዲስ ነው።

ጁሲአራ መጀመሪያ ላይ በእግሯ ነበር ትምህርት ቤት የምትሄደው። መሄድ ከተባለ። በሁለት እጇ የቤቶቹን ግድግዳ ይዛ፣ ግድግዳ ከሌለ የመንገዱን አጥር ይዛ፣ እያንዳንዱን ጣውላ በእግር ጣቷ እየሞከረች ትሄድ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ብስክሌት ላይ በአጠገቧ እየበረሩ "ታንኳ! ታንኳ! መቅዘፊያሽን ረሳሽው እንዴ?" ይሏት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቦርሳዋን ጥግ ወርውራ ቁጭ አለች።

"እንደነሱ በብስክሌት እስክሄድ ድረስ እዚያ ትምህርት ቤት አልሄድም።"

"ጎሽ፣ እንግዲያው ነይ ልምጂ" አለች ኦስማሪና።

"ብስክሌት ላይ አልወጣም።"

"ታዲያ እንዴት ልትሆኚ ነው?"

"እሱን አላውቅም።"

ኦስማሪና ልትቆጣ አፏን ከፈተችና የገዛ ፊቷን በመስታወት ያየች መሰላት።

ወደ ጋሽ ክሎዶአልዶ ወሰደቻት። ጋሽ ክሎዶአልዶ ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው፤ ግማሹን ከተማ ብስክሌት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፣ ለዚህም ክብር ይጠብቃሉ። ዘዴያቸው የሁላችንም ዘዴ ነው፤ እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው። ውሃው ጎድሎ ጭቃው ሲወጣ ልጁን ጣውላው ላይ ያወጡታል፤ ቢወድቅ ለስላሳ ጭቃ ላይ ይወድቃል እንጂ አይሰምጥም። ከዚያ ኮርቻውን ከኋላ ይይዙና "ይዤሃለሁ፣ ይዤሃለሁ" እያሉ አብረው ይሮጣሉ። መሀል ላይ ይለቁታል፣ አፋቸው ግን "ይዤሃለሁ" ማለቱን አያቆምም። ልጁ ማንም እንዳልያዘው የሚያውቀው ነጂ ከሆነ በኋላ ነው። በከተማችን ሰው ሁሉ ላይ አንድ ጊዜ የተዋሸ ውሸት ነው፣ ማንም ተቀይሞበት አያውቅም።

ጁሲአራ ተቀየመች። የመጀመሪያው ቀን ጋሽ ክሎዶአልዶ ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይዘው መጡ፤ ልጅቷ ውሃ ትፈራለች ብሎ ሰፈሩ ስለወሰነ። ጃኬቱ እስከ ጉልበቷ ደረሰ። በመስኮት የሚያዩት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም፣ ዓይኗን ከጣውላው ክፍተት ሳታነሳ ወደ ታች ታይ ነበር። ከታች የሁለት ሰው ቁመት ያህል ባዶ ነው፤ ከዚያ ጭቃ፣ ከጭቃው የበቀሉ የድሮ ምሰሶ ስባሪዎች፣ ጣሳ፣ የተሰባበረ ጠርሙስ።

"ወደ ፊት እዪ እንጂ ልጄ" አሉ ጋሽ ክሎዶአልዶ። "ይዤሻለሁ።"

ሦስተኛው ቀን ላይ መሀል መንገድ ዞር ስትል ሽማግሌው ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላዋ ቆመው "ይዤሻለሁ" ይላሉ። መሪው ተጠመዘዘ፣ ብስክሌቱ በአጥሩ ክፍተት አለፈና ልጅና ብረት አንድ ላይ ጭቃ ውስጥ ገቡ። ክንዷን ጠርሙስ ቆረጣት። ሲያወጧት አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው።

"ዋሽተውኛል።"

ከዚያ ወዲያ እግሯን ፔዳል ላይ አላደረገችም። ኦስማሪና ለመነች፣ ተቆጣች፣ የተጠበሰ ሙዝ ገዝታ ደለለች። "ምኑ ነው የሚያስፈራሽ፣ እስቲ ንገሪኝ?" ስትላት "ምንም" ትላለች። ሙዙን ግን በላችው። እንዲህ ሲባል የመጋቢቱ ሙላት ሦስት ቀን ቀረው።

ትልቁ ሙላት ሲመጣ ወንዙ ከጣውላው በላይ ይወጣል። እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ሲብስ እስከ ጉልበት። አዋቂዎች ያኔም ይነዳሉ፣ መንገዱን እግራቸው ያውቀዋል፤ ትንንሽ ልጆች ግን በር ይዘጋባቸዋል፣ ምክንያቱም የጣውላው ጠርዝ የት እንደሚያልቅ አይታይም። የዋናው ሙላት ዋዜማ፣ ረቡዕ ረፋዱ ላይ ኦስማሪና የሰው ጭነት አድርሳ በተሸፈነው መንገድ ስትመለስ አንዲት ልጅ መሀል መንገድ ላይ አየች። ልጅቷ አጥር አልያዘችም። እጇን እያወዛወዘች፣ እያንጎራጎረች፣ ውሃውን በእግሯ እየገፋች እንደ ልቧ ትሄድ ነበር። ኦስማሪና የማን ልጅ ናት፣ ማን ነው የለቀቃት ብላ ልትጮህ ስትል አወቀቻት። ጁሲአራ ናት።

ኦስማሪና ታክሲዋን አቁማ ቁጭ እንዳለች ቀረች። ራሷን በጥፊ መምታት ነበር ያማራት። ራሷም እኮ የወንዝ ልጅ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ጣውላ ላይ ስትኖር ምን ረሳች? መጀመሪያ ወደዚህ ከተማ የመጣች ሰሞን እሷም ስትራመድ ወደ ታች ማየት ትፈራ ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፣ ቀስ በቀስም ለራሷ መናገሩን ተወች።

"ነይ እስቲ ወደዚህ" አለቻት። "ያ ከታች የሚታየው ነው አይደል የሚያስፈራሽ? ውሃው ሲሄድ።"

ልጅቷ ወደ ውሃው አቀርቅራ መለሰች፤ "ከታች ምንም የለም እኮ፣ አክስቴ። ሰው ምንም በሌለበት ላይ እንዴት ይሄዳል? እኛ ጋ ከቤት ስወጣ ውሃ አለ። ውሃ ከሌለ ማንም ከቤት አይወጣም።"

"ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?"

"ታንኳ ነው የሚሉኝ። እውነትም ታንኳ ናት እንዲሉ ነው?"

በማግስቱ ሐሙስ፣ ውሃው ጣውላውን እንዳለፈ፣ ኦስማሪና አሮጌ ብስክሌቷን አወጣች። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ወጣ። ጋሽ ክሎዶአልዶ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ውሃውን እየበጠሱ መጡ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ዕብደትሽ ዛሬ ለየለት? በሙላት ቀን ልጅ አይማርም። ሃምሳ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አንድም ቀን በሙላት አላስተማርኩም።"

"ሃምሳ ዓመት ዋሽተዋል ጋሼ። ዛሬ ዕረፍት ይውሰዱ።"

"ብትሰምጥ በአንቺ ራስ ነው።"

"እሷ ከእርስዎም ከእኔም የተሻለ ትዋኛለች። ጃኬቱን ግን ካመጡት እርስዎ ይልበሱት፣ ውሃው ጉልበትዎ ደርሷል።"

ከመስኮቶቹ የሳቅ ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው ተናደው ቢዞሩም ወደ ቤታቸው አልሄዱም። አንድ ደጃፍ ላይ ቆመው ሊያዩ ቀሩ።

"ማን ይያዝልሽ?" አለች ኦስማሪና።

"ማንም።"

"ከጎንሽ ልሩጥ?"

"ከፈለግሽ ሩጪ። እንዳትነኪኝ፣ እንዳትዋሺኝ።"

"ጠርዙን እንዴት ልታውቂው ነው?"

ጁሲአራ የማይጠየቅ ነገር የተጠየቀች መሰለች። "ጣውላው ያለበት ላይ ውሃው ሌላ ነው። አይታይሽም?"

ኦስማሪና አየች። አንድ ዓይነት ቡናማ ውሃ ነው የታያት። "አዎ፣ ይታየኛል" ልትል ነበር፤ አሁን እንኳ መዋሸት እንደማይቻል ትዝ አላት። "አይታየኝም" አለች።

የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ልጅቷ አምስት ሜትር ያህል ሄዳ ከነብስክሌቱ ከጣውላው ወደ ጎን ወጥታ ውሃ ውስጥ ገባች። ሴቶቹ ከየመስኮቱ ጮኹ። ኦስማሪና ልትዘል ስትል የልጅቷ ራስ ብቅ አለ፣ ከዚያ የብስክሌቱ ጎማ። በአንድ እጇ እየዋኘች ብረቱን ወደ ጣውላው ገፋችውና ወጣች። "ታንኳ ሲገለበጥም እንዲሁ ነው" አለች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። ሁለተኛው ላይ በቆመችበት ወደቀች። ሦስተኛው ላይ ትከሻዋን ተወችና በወገቧ መንዳት ጀመረች፤ ታንኳ ላይ የሚቀመጥ ሰው ወገብ ነው፣ ከላይ ዝም ብሎ ከታች የሚሠራ። ከኦስማሪና ደጃፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። ዞራ መጣች። እንደገና ሄደች። ውሃው ከጎማዋ ግራና ቀኝ እየተከፈለ ይሸሻል። ኦስማሪና ከጎኗ መሮጡን ትታ ውሃ ውስጥ ቆማ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች፤ እንባዋ መጣ፣ አልከለከለችውም።

ጋሽ ክሎዶአልዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኮርቻው ዝቅ ይበልላት" አሉ። ከዚያ የብሎን መፍቻ ሊያመጡ ሄዱ።

የቫልዴሲር ጀልባ ቀትር ሳይሆን ደረሰች። ከውሃው ጋር መጥቶ ከውሃው ጋር መመለስ አለበት፤ ከቆየ ጀልባው ጭቃ ላይ ይቀራል። እግሩን ከጀልባው እንዳወረደ ልጁ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ፣ ከራስ እስከ እግሯ ረጥባ፣ በብስክሌት ወደ እሱ ስትመጣ አየ።

"ውረጂ" አላት። "ጓዝሽን አምጪና እንሂድ፣ ውሃው አይጠብቀንም።"

"መውረድ ገና አልተማርኩም አባዬ" አለችና ዞራ ወደ ትምህርት ቤቱ ነዳች። የከሰዓቱ ፈረቃ ሊገባ ነው።

ቫልዴሲር ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ኦስማሪና ታክሲዋን አስጠግታ "ግባ" አለችው። አልገባም።

"እትዬ፣ እኔን አታታልዪኝ። ከጀልባ ነጂዎቹ ሁሉን ሰምቻለሁ። ግድግዳ አቅፋ ነው የምትሄደው አሉ፣ ትምህርት ቤትም ትታለች አሉ። ውሃ ላይማ ማንኛዋም የኛ ልጅ ትሄዳለች። ነገ ሲደርቅስ?"

ልክ ነው፤ ይህንኑ ኦስማሪናም ከጠዋት ጀምሮ በልቧ ስትፈራው ነበር። ግን እጅ መስጠት ደሟ ውስጥ የለም።

"ነገ ድረስ ምን አስኬደህ? ከትምህርት ቤት ስትወጣ ውሃው ሄዷል። ቆይና በዓይንህ እይ።"

"ጀልባዬስ?"

"ጭቃ ላይ ይተኛ። ምን ይሆናል፣ ጉንፋን ይይዘዋል?"

"ባትነዳስ? ባትነዳ ትሰጪኛለሽ?"

"ባትነዳ እሷን ጠይቃት እንጂ እኔን አትጠይቀኝ" አለች ኦስማሪና። "እኔን ማንም አልጠየቀኝም። አባታችን ከዚህ ወደብ ሲወስደኝ አንተም ጀልባው ውስጥ ነበርክ፣ አምስት ዓመትህ ነበር። አብጄ ስጮህ ጆሮህን ይዘህ ተቀመጥክ።"

"እኔ አላስታውስም።"

"እኔ አስታውሳለሁ።"

ቫልዴሲር ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ገመዱን ከምሰሶው ጋር ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ አሰረና ታክሲዋ ላይ ወጣ። ቤቷ ወስዳ ሽሪምፕ በካሳቫ ዱቄት አበላችው። ሁለቱም ሲበሉ ዓይናቸው ውሃው ላይ ነበር። መጀመሪያ ጣውላው ታየ፤ ከዚያ ክፍተቱ፤ ከዚያ ከሥሩ ጭቃው፣ ምሰሶው፣ ጣሳው። ጀልባው ወደ ጎን ዘመም ብሎ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሁለቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ድልድይ ማዶ ቆመው ሲጠብቁ፣ ትምህርት ቤቱ ተለቀቀ። ልጆቹ ደወል እየደወሉ እየተጋፉ ወጡ። ጁሲአራ መጨረሻ ላይ ወጣች፣ ብስክሌቱን በእጇ እየገፋች። በሩ ላይ ቆመችና ወደ ታች አየች። ከዚያ አባቷን አየች፣ አክስቷን አየች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ታንኳ፣ ውሃው አለቀብሽ?" አለ አንድ ልጅ።

እሱን አላየችውም። ኮርቻው ላይ ወጣች። ጎማው ጣውላውን ሲረግጥ የሚሰማው ኳ ኳ የሚል ድምፅ ጠዋት በውሃው ውስጥ አልነበረም። አሥር ጣውላ፣ ሃያ ጣውላ። ኦስማሪና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ጥፍሯ ሥጋዋ ውስጥ እየገባ፣ ትቆጥር ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ድልድይ ጋ አጥር የለም፤ በሁለቱም ወገን ባዶ ነው። እዚያ ብስክሌቱ ተወላገደ። ጁሲአራ እግሯን አወረደችና ቆመች።

ቫልዴሲር ወደ እሷ ተራመደ። ኦስማሪናም ተራመደች፤ ምላሷ ላይ "ይዤሻለሁ" የሚለው ቃል ደርሶ ነበር፣ አሮጌው ውሸት፣ በጉሮሮዋ መለሰችው።

"እንዳትመጡ" አለች ጁሲአራ፣ ቀና ሳትል። ድምጿ ተሰባበረ፣ ግን መንገዱ ሁሉ ሰማው። "ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ። ግን እንዳትመጡ።"

ከኋላዋ የነበሩት ልጆች ደወል መደወሉን አቆሙ። አንዱም አልሳቀም፤ በዚህ ከተማ ፈርቻለሁ ብሎ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ከዚያ በፊት ሰምተው አያውቁም። ጁሲአራ ረጅም ሰዓት የመሰለ ጊዜ ቆመች። ወደ ታች ማየት አላቆመችም። ጋሽ ክሎዶአልዶ ወደ ፊት እዪ ያሉትን እስከ መጨረሻው አልሰማችም፤ ባዶውን እያየች፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣ አንድ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች። ከዚያ ሌላውን።

ድልድዩን አለፈች። በአባቷ አጠገብ ስታልፍ አልቆመችም፣ ቀና ብላም አላየችውም፤ ዓይኗ ጣውላው ላይ ነበር። እየተወላገደች፣ በጥርሷ አየር እየሳበች፣ ማዕዘኑ ጋ ዞረችና ተሰወረች።

ቫልዴሲር ሰውነቱ ገና ወደ ፊት እንዳዘነበለ ቀርቶ ነበር። የሸሚዙን እጅጌ ወደ ዓይኑ ወሰደ።

"ወዴት ነው የምትሄደው?" አለ።

"ወደ ቤቷ" አለች ኦስማሪና።